ዛንዚባር ለዳይቪንግ ያዋጣል ወይ? ከፔምባ፣ ከማፍያ፣ ከማልዲቭስና ከጅቡቲ ጋር ስናስተያየው

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሠራው። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። "የአሥር ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ዳይቪንግ መማር አምሮኛል። ዛንዚባር ይሻለኛል ወይስ ማልዲቭስ?" አለችኝ። "ዋና ትችያለሽ?" አልኳት። "በደንብ የቻልኩት ዓምና ነው" አለች። ያን ጊዜ መልሱ ቀለለኝ። "ዛንዚባር ሂጂ" አልኳት።

ከሷ በፊት አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። እሱ ቀይ ባሕር ላይ ከስድሳ ጊዜ በላይ የጠለቀ ሰው ነው። ሕልሙ ትልልቅ ሻርክ ማየት ነው። ለሱ የሰጠሁት መልስ ተቃራኒው ነበር፤ "ለዳይቪንግ ብቻ ብለህ ከሆነ ዛንዚባር አትሂድ።"

ሁለቱንም ከልቤ ነው ያልኩት። ዛንዚባር ለጀማሪ፣ እንዲሁም ዳይቪንግን፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ስር መጥለቅን፣ ከሌላ እረፍት ጋር ቀላቅሎ ለሚፈልግ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ተነስተን ከምንደርስባቸው ደሴቶች ሁሉ የተሻለው ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ስር ለመዋል ለሚሄድ ልምድ ያለው ጠላቂ ግን ያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ብዙ ይሠራል። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

ዛንዚባር ስንል የትኛዋ ደሴት?

ዛንዚባር አንድ ደሴት አይደለችም። ብዙዎቻችን ዛንዚባር የምንላት ትልቋን ደሴት ኡንጉጃን ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም፣ ጥንታዊቷ ከተማ ስቶን ታውንም፣ ነጩ አሸዋም እዚያ ነው። ከሷ በስተሰሜን ፔምባ አለች። በስተደቡብ ራቅ ብላ ደግሞ ማፍያ አለች። ማፍያ በአስተዳደር የዛንዚባር አይደለችም፤ ግን ጠላቂዎች ሦስቱን አብረው ነው የሚያነሷቸው።

ልዩነታቸውን የወሰነው የባሕሩ ወለል ነው። ኡንጉጃ ከአፍሪካ ምድር ጋር በአንድ ጥልቀት በሌለው ወለል ላይ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ በዙሪያዋ ያሉት የኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ) ቋጥኞች ገር ናቸው። በቀስታ ይወርዳሉ፤ ብዙ ቦታ ከ20 ሜትር ብዙም ሳይርቁ አሸዋ ላይ ያበቃሉ። ፔምባ ግን በጥልቅ ሰርጥ ተከባ ብቻዋን የቆመች ናት። ቋጥኞቿ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ወደ ጨለማው ይወርዳሉ። ጥልቀት ባለበት ኃይለኛ የባሕር ውስጥ ጅረት አለ። ውሃውም ይጠራል፣ ትልልቅ ዓሦችም ይመጣሉ። ጀማሪ ደግሞ ይቸገራል።

ኡንጉጃ ውሃ ስር ምን አላት?

የኡንጉጃ ዝነኛ ቦታ ምኔምባ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከማቴምዌ መንደር ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ክብ ደሴት ናት። ደሴቷ ራሷ በግል የተያዘች ስለሆነች እንግዳ ያልሆነ ሰው አይወርድባትም። ዙሪያዋን ያለው የኮራል ቀለበት ግን የጥበቃ ክልል ነው፤ መግቢያ እየተከፈለ ይጠለቅበታል። ዋታቦሚ፣ ክችዋኒ፣ ትልቁ ግድግዳ የሚባሉ ቦታዎች አሉት። በሰሜን ጫፍ ካለችው ኑንግዊም ከማቴምዌም በጀልባ ይኬዳል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ የጠለቅኩት ዋታቦሚ ላይ ነው። መሪያችን በጣቱ አንድ ቡናማ ድንጋይ አሳየኝ። ድንጋይ ነው፤ ምን አለው? ብዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ታገስ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ድንጋዩ ዐይን አለው። ኦክቶፐስ ነው። ያ ሻካራ ቆዳው በአንድ ትንፋሽ ለሰለሰ። ከቡናማ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ቀይ ተለወጠ። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ከጡጫዬ በማይበልጥ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አየሬን እስክጨርስ እዚያው ብቆይ ደስ ባለኝ ነበር።

የኡንጉጃ ሀብት እንዲህ ያለው ነው። ትንንሽ ነገር ነው። ዛጎል የሌለው ባለ ቀለም ቀንድ አውጣ፣ ቅጠል የሚመስል ዓሣ፣ በኮራሉ ስንጥቅ የተደበቀ ሞሬይ የሚባል እባብ መሰል ዓሣ፣ በመንጋ የሚዞር ቢጫ ዓሣ ታያላችሁ። የባሕር ኤሊ ምኔምባ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ አረንጓዴው ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ደሴት ላይ ነው። ወደ ቋጥኙ በጀልባ ስትሄዱ ዶልፊን ልታዩ ትችላላችሁ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች በዚያ ባሕር ያልፋሉ። አንዳንድ ቀን ውሃ ስር ሆናችሁ ድምፃቸውን ትሰማላችሁ፤ ዐይናችሁ ግን አያገኛቸውም።

ሻርክ ለማየት ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጉ። በታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ ለብዙ ዓመታት በዲናሚት ሳይቀር ዓሣ ይጠመድ ነበር። የትልልቁ ዓሣ ቁጥር በመረብም በመንጠቆም ተመናምኗል። የሙቀቱም ጉዳት አለ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ውስጡ የሚኖሩትን፣ ቀለምም ምግብም የሚሰጡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሕንድ ውቅያኖስን ያዳረሰው ንጣት ትልቅ ጠባሳ ጥሏል። ከዚያ በኋላም ተደጋግሟል። በአንድ ዳይቭ (አንድ ጊዜ ስትጠልቁ) በሕይወት የሚያብብ ኮራልና የተሰባበረ ክምር ጎን ለጎን ልታዩ ትችላላችሁ። ቀድማችሁ ብታውቁት አትደነግጡም።

ሌላው ችግር ግርግሩ ነው። እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ምኔምባ ላይ በአንድ ጠዋት በርካታ ጀልባዎች ይሰበሰባሉ። ዶልፊን ብቅ ሲል ሁሉም ሞተሩን አስነስቶ ይከተለዋል። ያን ማየት ያማል። መፍትሔው ማልዶ መውጣት ነው። ማቴምዌ ላይ ካረፋችሁ ምኔምባ አፍንጫችሁ ስር ስለሆነች ከሌላው ቀድማችሁ ጠልቃችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ከኑንግዊ ግን መንገዱ ረዘም ይላል።

ልምድ ላለው ሰው ከኑንግዊ በስተሰሜን ሌቨን ባንክ አለ። ከጥልቁ ብድግ ያለ የባሕር ውስጥ ጉብታ ነው። ጅረቱ ብርቱ ነው፤ ትልልቅ ዓሦች ይዞሩበታል። ባሕሩ ካልረጋ አይኬድም።

ከስቶን ታውን በኩል ደግሞ የሰመጡ መርከቦች አሉ። አንዷ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፔጋሰስ ናት። መስከረም 1914 ኬኒግስበርግ የምትባለው የጀርመን የጦር መርከብ በዛንዚባር ወደብ ላይ ድንገት ደርሳ ደብድባ አሰመጠቻት። ጥልቅ ላይ ስለሆነች ለጀማሪ አትሆንም። ግሬት ኖርዘርን የምትባለው የቴሌግራፍ ገመድ ዘርጊ መርከብ ግን ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው ያረፈችው። ብረቷ የኮራልና የዓሣ ቤት ሆኗል። ገና የመጥለቅ ፈቃዱን ያገኘ ሰው ያለ ስጋት ይጎበኛታል።

ከስቶን ታውን በስተደቡብ ያለችውን ቹምቤንም ላንሳት። ስኩባ (በሲሊንደር መጥለቅ) የተከለከለባት ደሴት ናት፤ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ነው የሚገባው። ነገር ግን ኮራሏ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሎበት በጥብቅ የተጠበቀ ነው። ከናንተ ጋር የማይጠልቅ ሰው ካለ አንዱን ቀን አብራችሁ እዚያ አሳልፉ። በኡንጉጃ ዙሪያ ካየሁት ኮራል ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ፔምባና ማፍያ

ያ ስድሳ ጊዜ የጠለቀው ጓደኛዬ ዛንዚባር ካልሄድኩ ብሎ ቢሞግተኝ ፔምባን ነበር የምመርጥለት። ከኡንጉጃ በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሆቴሉ ጥቂት ነው፣ ግርግር የለም፣ ማታ ሙዚቃ የለም። ተራራማና አረንጓዴ ናት፤ የቅርንፉድ አገር ናት። በመኸር ጊዜ መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ የተሰጣው ቅርንፉድ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። በምዕራብ በኩል ሚሳሊ የምትባል ጥብቅ ደሴት አለች። ንጃኦና ፉንዱ በሚባሉት መተላለፊያዎች ግድግዳው ቁልቁል ይወርዳል። ከኡንጉጃ የጠራ ውሃ ነው። ቢያንስ ሃያ ሠላሳ ጊዜ የጠለቀ፣ በጅረት መንሳፈፍ የለመደ ሰው ይደሰታል።

ማፍያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። በ1995 የታንዛኒያ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ የተቋቋመው እዚያ ነው። ቾሌ የሚባለው የባሕር ሰላጤ ከነፋስ የተከለለ ስለሆነ ውጭው ሲናወጥም ውስጡ ይጠለቃል። ኮራሉ የተሻለ ነው፣ ጠላቂው ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ዌል ሻርክ ወደ ደሴቷ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኪሊንዶኒ አካባቢ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ የሚበላው ግን ጥቃቅን ነፍሳትና ትንንሽ ዓሣ ነው። እሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም። በማስክና በፊን (እግር ላይ በሚጠለቅ መቅዘፊያ) ብቻ ነው የሚዋኘው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውሃው የሚደፈርሰው እሱ በሚበላው ምግብ ምክንያት ነው። ውሃው ደፍርሶ ካገኛችሁት አትዘኑ፣ የመጣው ለዚያ ነው።

ሁለቱም ከኡንጉጃ ይወደዳሉ። የትንሹ አውሮፕላን ትኬት አለ፣ ርካሽ ማረፊያም ብዙ የለም። ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው አይመከሩም። ሳምንት ካላችሁ ግን አራቱን ቀን እዚያ፣ ሦስቱን ኡንጉጃ ብታደርጉት በጣም ጥሩ ጉዞ ይወጣዋል።

ማልዲቭስ ይበልጣል?

ውሃ ስር ላለው ነገር ብቻ ከሆነ፣ አዎ ይበልጣል። ማልዲቭስ በ2010 ሻርክ ማጥመድን በአገር ደረጃ ከልክሏል። ውጤቱም በዐይን ይታያል። በቀለበት ደሴቶቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ሻርኮች ተሰልፈው ታያላችሁ። ደቡብ አሪ በሚባለው የደሴት ቀለበት ዌል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ባ በሚባለው ቀለበት ሐኒፋሩ የሚባል ሰላጤ አለ፤ በወቅቱ ማንታ የሚባሉት ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ዓሦች በብዛት እየተሰበሰቡ ይመገባሉ። እዚያም ስኩባ ክልክል ስለሆነ ያለ ሲሊንደር ነው የሚገባው። ወደ ደቡብ ጫፍ ደግሞ ፉቫሙላ አለች፤ ለነብር ሻርክ የሚሄድ ሁሉ እሷን ነው የሚያነሳው።

"ማልዲቭስ የሀብታም ነው" የሚባለው ድሮ ልክ ነበር። ከ2009 ወዲህ ግን ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ እንዲከፈት ተፈቅዷል። ማፉሺን በመሳሰሉት ደሴቶች ዛንዚባር ላይ መካከለኛ ሆቴል የምትከፍሉትን ያህል ከፍላችሁ ልታድሩ ትችላላችሁ። መጠጥ የለም፤ በዋና ልብስ የሚኮነውም በተለየው ዳርቻ ላይ ብቻ ነው። ለማልዲቭስ ቪዛ ቀድሞ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሲደርስ ይሰጣል። ለኛ ፓስፖርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ የአክስቴን ልጅ ለምን ወደዚያ አላክኋትም? በጅረቱ ምክንያት ነው። ማልዲቭስ ላይ ምርጡ ነገር ያለው ጅረት ባለበት ነው። ትናንት ፈቃድ ያገኘ ሰው በዚያ ውሃ ውስጥ ሻርኩን ሳይሆን የአየር መለኪያውን እያየ ይጨርሳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ እየታደረ የሚጠለቅባቸው መርከቦች ከፍ ያለ ፈቃድና ልምድ ይጠይቃሉ። ሌላም አለ። ማልዲቭስ ላይ ሳትጠልቁ የምትውሉበት ቀን ረጅም ነው። ደሴቷን በሃያ ደቂቃ ትዞራላችሁ። ዛንዚባር ላይ ጆሮ ቢያማችሁ፣ ባሕሩ ቢናወጥ፣ ስቶን ታውን አለ፣ የቅመም እርሻ አለ፣ የጆዛኒ ደን አለ። ያልተዋጣለት የዳይቪንግ ቀን እረፍታችሁን አያበላሽም።

ሲሸልስን ብዙ አላስረዝመውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርራል፤ ቪዛም ቀድሞ አይጠይቅም። የድንጋዩ መልክ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ዳይቪንጉ ግን ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም። በዋናዎቹ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን ኮራል የ1998ቱ ሙቀት ክፉኛ መትቶታል። ሚያዝያና ግንቦት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውሃው ረግቶ ይጠራል፤ ያኔ ደስ ይላል። ለጫጉላ ሽርሽር ሂዱ፣ እግረ መንገዳችሁን ጥለቁ።

ጅቡቲን አትርሷት

ከሁሉ የምትቀርበን ግን የምንረሳት ጅቡቲ ናት። ከከተማዋ በጀልባ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶች ይደረሳል፤ ለመማር ይሆናሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ ላይ ዌል ሻርክ ይመጣል። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው፤ ከዳርቻው ብዙም አይርቁም። ከዚያ አልፎ በባብ ኤል መንደብ በር ላይ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች አሉ። ጅረታቸው ከባድ ነው፤ በመርከብ እየታደረ ነው የሚጠለቀው።

ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ጥላ የምትፈልጉ ከሆነ ጅቡቲ አይደለችም ቦታችሁ። በረሃ ናት፣ ሆቴሏም ውድ ነው። ግን ሦስት ቀን ብቻ ኖሯችሁ ዌል ሻርክ ማየት ከፈለጋችሁ ከማፍያም ከማልዲቭስም እሷ ትቀላለች።

በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ውስጥ ላላችሁ አንድ ምክር አለኝ። ሥልጠናውን እዚያው ጀምሩት። ዱባይ ላይ በ2021 የተከፈተ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው የመጥለቂያ ገንዳ አለ፤ ፉጃይራ ላይ ደግሞ ባሕሩ አለ። ትምህርቱንና የገንዳውን ልምምድ ቤታችሁ ጨርሳችሁ ከመጣችሁ የእረፍታችሁን ቀን ክፍል ውስጥ አታባክኑትም። እስራኤል ያላችሁም ኢላት አለላችሁ።

መቼ ልሂድ?

ዛንዚባር ላይ ከደሴቱ ይልቅ ወሩ ይወስናል። ሁለት ነፋሶች አሉ። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ነው። ኩሲ ከደቡብ ይነፍሳል፤ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል ባሕሩ ይረጋል። ለኔ ምርጡ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ ነው። ውሃው ይጠራል፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ሕዝቡም ገና አልበዛም። የካቲትም ጥሩ ነው፤ ውሃው ሞቃት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ግን ከባዱ ዝናብ ስለሆነ ብዙ ሆቴል ይዘጋል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ሐምሌና ነሐሴ የኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ያኔ ይሄዳል። ይቻላል። ኩሲ ስለሚነፍስ ግን በደቡብና በምሥራቅ ሳይሆን በሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ እረፉ። ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ዝቅ ስለሚል ወፈር ያለ ልብስ ጠይቁ።

ስለ ማረፊያው ቦታ አንድ ነገር ልጨምር። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲጎድል ውሃው እጅግ ይርቃል። በእግራችሁ ረጅም መንገድ ሄዳችሁም ጉልበት አይደርስም። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የባሕር አረም እርሻቸውን ሊኮተኩቱ ይወርዳሉ። በችካል መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ አንድ በአንድ የታሰረ አረም ነው። ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ግን መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ የሰሜኑ ዳርቻ በማንኛውም ሰዓት ውሃ አለው።

የዳይቪንግ ማዕከል ስትመርጡ

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። እኔ አንድ ጊዜ ሃያ ዶላር ለማትረፍ ብዬ ዛንዚባር ላይ ርካሹን መረጥኩ። ጀልባዋ ላይ ስምንት ጠላቂ ነበርን፤ መሪ አንድ። ውሃ ስር አሥራ አምስት ደቂቃ እንደቆየን ሰውዬው ከፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አያይም። መተንፈሻዬ አየር ያፈስ ነበርና መለኪያዬ ከሌላው ሰው ቀድሞ 50 ባር፣ ማለትም መውጣት ያለብኝ መጠን ላይ ደረሰ። ልነግረው ብዋኝ አልደርስበት አልኩ። ያዳነችኝ አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ጀርመናዊት ናት። ክንዴን ይዛ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ አብራኝ ቆማ ወጣን። ጀልባው ላይ ስንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዛ ቀን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የማልከፍላቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ለአንድ መሪ ስንት ሰው ነው? ለጀማሪ ከአራት ከበለጠ አልሄድም። ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? አሳዩኝ። በአቅራቢያው ያለው የግፊት ሕክምና ክፍል (ከታች የማነሳው የአረፋ ሕመም የሚታከምበት) የት ነው? የምኔምባ መግቢያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያኮርፍበት ነው፤ ለሁለት ዳይቭ የተነገራችሁ ዋጋ ጀልባው ዘንድ ስትደርሱ ከፍ ሊል ይችላል። ጥያቄውን በደስታ የሚመልስ ማዕከል ጥሩ ማዕከል ነው። የሚቆጣ ካለ ትታችሁ ሂዱ።

ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የደሴቲቱን የጉዞ መድን በ44 ዶላር መግዛት አለበት። እሱን ስለገዛችሁ ዳይቪንጉ ተሸፈነ ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ለጠላቂ የተለየ መድን አለ፤ ያንን ጨምሩ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ የታንዛኒያን ቪዛ ጉዳይ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱት።

"ዋና አልችልም፣ ይቻለኛል?"

አገራችን ባሕር የላትም። ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው አድገን፣ ወይ ገንዳ ወይ ላንጋኖ ነው። ማፈር አያስፈልግም። ግን እውነቱን እወቁት። የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት 200 ሜትር ያለ ሰዓት ገደብ መዋኘት፣ 10 ደቂቃ ደግሞ ሳይደገፉ መንሳፈፍ ግዴታ ነው። ሥልጠናው ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፤ እስከ 18 ሜትር ያወርዳል። ይህን የማትችሉ ከሆነ ለአንድ ቀን ከአሰልጣኝ ጋር ብቻ፣ ከ12 ሜትር ሳያልፉ የሚሞከር አለ። እሱን ሞክሩ፤ ከወደዳችሁት አዲስ አበባ ተመልሳችሁ ሁለት ወር ገንዳ ውስጥ ተለማመዱና እንደገና ኑ። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ነፍሰ ጡር አትጠልቅም። ጉንፋን ይዟችሁም አትውረዱ፤ ጆሮ አልከፈት ሲል ሕመሙ አይጣል ነው።

የመጨረሻው ቀን

ይህን በተለይ ለአዲስ አበባ ሰው ነው የምጽፈው፤ የውጭ አገር መመሪያዎች አይነግሩንምና።

ውሃ ስር ስንቆይ ግፊቱ ናይትሮጅንን ወደ ደማችንና ሥጋችን ያስገባዋል። ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ግፊቱ ድንገት ከቀነሰ አረፋ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የምታዩት ማለት ነው። ለዚህ ነው ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር የሚከለከለው። የተለመደው ምክር ለአንድ ዳይቭ 12 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው።

የአውሮፕላን ውስጡ ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። ሌላው ሰው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ማሌ በርሮ ሲወርድ ሰውነቱ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ይመለሳል። እኛ ቦሌ ስንወርድ እዚያው ከፍታ ላይ እንቀራለን፤ እዚያው እንተኛለን። ስለዚህ እኔ 18 ሰዓት አልልም፤ ሙሉ 24 ሰዓት እጠብቃለሁ። ከጅቡቲ በመኪና ወይም በባቡር የምትመለሱም እንዳትሳሳቱ። "እኔ አልበርርም" ብላችሁ ጠዋት ጠልቃችሁ ከሰዓት ብትነሱ፣ ሽቅብ ወጥታችሁ አዲስ አበባ መድረሳችሁ ለሰውነታችሁ ከመብረር አይለይም።

ስለዚህ በረራችሁ እሑድ ከሰዓት ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻችሁ ይሁን። ዕቃችሁን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ መልሱ፣ ከሰዓት ወደ ስቶን ታውን ግቡ። የሙስሊም ከተማ ናትና ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ምግብ ይዘረጋል። ሸንኮራ አገዳ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እየተጨመቀ ይቀዳል። ጾም ላይ ከሆናችሁ በኮኮናት ወተት የተሠራውን ባቄላ በቻፓቲ ጠይቁ፤ አትራቡም። ልጆቹ ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ባሕሩ ውስጥ ሲዘሉ ታያላችሁ። ያን ሰዓት እናንተም መዝለል ካማራችሁ ዝለሉ፤ የተከለከለው መጥለቅ ብቻ ነው።